ልጅ ከወላጁ የሥራ ውሎ ምን ይወርሳል?

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ብሂል የልጅን ጠባይ ለደም ይሰጣል፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ግን ልጅ ለሥራ የሚኖረው አያያዝ ሲጠና ለዓይንም ሰፊ ድርሻ ይሰጣሉ። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው «አይቶ የመማር» ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም ሰው ራሱ ሳይሸለም ወይም ሳይቀጣ የሌላውን አድራጎት በመመልከት ብቻ ጠባይ ይቀስማል የሚለው አስተሳሰብ፣ ለዚህ መሠረት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ነገሩን ወደ 15 ወር ሕፃናት አውርዶታል። አንድ አዋቂ መጫወቻን ከዕቃ ውስጥ ለማውጣት ሲታገል ቆይቶ ሲሳካለት ያዩ ሕፃናት፣ ያለ ልፋት ሲሳካለት ካዩት ይልቅ የማይሠራ አዝራር ያለው የሙዚቃ መጫወቻ ሲሰጣቸው አዝራሩን ደጋግመው ተጭነዋል። አዋቂው በሁለቱም ጊዜ ስለተሳካለት ልዩነቱን ያመጣው የታየው ትግል እንጂ ውጤቱ አልነበረም።

በጋሞ ደጋ የሚኖሩት የዶርዜ ሸማኔዎች ቤት ይህ ትግል በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እናት ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትላለች፤ አባት እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ወዳለው ጉድጓድ አውርዶ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል፤ ልጅም አጠገቡ ሆኖ ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናል። ድር ሲበጠስ አባት ሥራውን አቁሞ ሁለቱን ጫፍ ፈልጎ ይቋጥርና ይቀጥላል፤ ጥለቱ ከተሳሳተም የተሠራውን ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ስለ ትዕግሥት አንድም ቃል ሳይነገረው ልጁ የተበላሸ ሥራ እንደሚታረም ያውቃል። እርግጥ ነው፣ ሽመናን ለማሞገስ ሲባል ሊሸሸግ የማይገባ ሌላ ገጽታም አለ፤ ከዚያው አካባቢ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በባዕድ እጅ ሥር ለረጅም ሰዓት እንዲሸምኑ የተገደዱ ልጆች ሙያውን ቢለምዱም፣ ከሥራው ጋር የለመዱት ፍርሃትን ነው።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሜልቪን ኮን ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ተመልክቶታል። እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ በሥራቸው ላይ ራሳቸው የመወሰን ዕድል ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸው በራሳቸው እንዲያስቡ ሲፈልጉ፣ በቅርብ ቁጥጥር ሥር የሚሠሩት ደግሞ ለመታዘዝ የበለጠ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ሥርዓት በወላጁ በኩል ሳሎን ድረስ ይገባል ማለት ነው።

የቢሮ ሠራተኛ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የወላጁን መውጣትና ደክሞ መግባት ብቻ ነው። የተበጠሰው ድር ሲቋጠር ስለማያይ ስለ ሥራ የሚይዘውን ግምት በእራት ሰዓት ከሚሰማው ምሬት ወይም እርካታ ይለቅማል፤ የተማሪዎቹን ደብተር ቤት አምጥቶ እስከ ሌሊት የሚያርም መምህር ልጅ ከዚህ አንጻር ከብዙዎቹ የተሻለ ዕድል አለው።