በጋራ መሮጥ ከችግር ለማገገም፤ የከምባታ ተሞክሮና የዶዮገና ምቹ ሁኔታ

በአገራችን ሩጫ ጎልቶ የሚታወቀው በሜዳሊያና በክብረ ወሰን ነው። ይሁን እንጂ በጋራ መሮጥ በሐዘን፣ በሕመም፣ በሥራ አጥነት ወይም በጥቃት የተጎዱ ዜጎች መልሰው እንዲቋቋሙ በማገዝ ረገድም የጎላ ድርሻ አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። እንቅስቃሴው የድብርትና የጭንቀት ምልክቶችን እንደሚቀንስና እንቅልፍን እንደሚያሻሽልም መመሪያው ያስረዳል።

በቡድን የሚደረግ ሩጫ ከዚህ የሚጨምረው ጠቀሜታ ማኅበራዊ ነው። የኢትዮጵያ አትሌቶች ልምምዳቸውን ዘወትር የሚያከናውኑት ተሰልፈው፣ የፊተኛውን እርምጃ እየተከተሉና መሪነቱን እየተፈራረቁ ነው። ሐዘን ወይም ችግር የደረሰበት ሰው በተወሰነ ሰዓት የሚጠብቁት ባልንጀሮች ሲኖሩት ከቤት ለመውጣት ምክንያት ያገኛል፤ ሲቀርም የሚጠይቀው ሰው አያጣም። ይህም ኅብረተሰቡ በእድርና በሌሎች ባህላዊ የመረዳጃ ሥርዓቶች ከሚያከናውነው ጋር የሚቀራረብ ነው።

ሩጫን ለወገን ችግር መፍቻ በማዋል ረገድ ከከምባታ የሚጠቀሰው የዶክተር ቦጋለች ገብሬ ተሞክሮ ነው። በልጅነታቸው የሴት ልጅ ግርዛት የተፈፀመባቸው ዶክተር ቦጋለች፣ ለትምህርት በአሜሪካ በቆዩበት ወቅት ለኢትዮጵያ ድጋፍ የሚውል ገንዘብ ለማሰባሰብ በማራቶን ውድድሮች ሮጠዋል። ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር በመሆን ኬኤምጂ ኢትዮጵያ የተሰኘውን ድርጅት መሥርተዋል።

የአካባቢው ነዋሪዎች በቅድሚያ የጠየቋቸው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ እንደነበር ይታወቃል። ድልድዩ ከተሠራ በኋላ በተገኘው አመኔታ ስለ ግርዛት፣ ስለ ጠለፋና ስለ ኤችአይቪ ኤድስ የማኅበረሰብ ውይይቶች ተካሂደዋል። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጅየሙን የንጉሥ ቦድዊን ሽልማት ሲቀበሉ፣ ድርጅቱ በሠራባቸው አካባቢዎች የግርዛት ድርጊት ከ100 በመቶ ወደ 3 በመቶ ዝቅ ማለቱ ተገልፆ ነበር። ዶክተር ቦጋለች በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከተሞክሯቸው የሚወሰደው ትምህርት የተጎዳ ሰው በቅድሚያ የሚሻው አብሮት የሚቆም ወገን መሆኑ ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃም የሕዝብ ሩጫ እየተስፋፋ መጥቷል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ የሴቶች የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫም በ1996 ዓ.ም. ተጨምሯል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገዶችን ለተወሰኑ ሰዓታት ከተሽከርካሪ ነፃ በማድረግ ነዋሪዎች በጋራ ስፖርት የሚሠሩበት መርሃ ግብር ተጀምሯል።

በከምባታ ዞን የምትገኘው ዶዮገና ደጋማ የአየር ንብረትና በእንሰት የተከበቡ መንደሮች ያሏት በመሆኗ ለዚህ ዓይነቱ እንቅስቃሴ ምቹ ናት። ለጋራ ሩጫ ስታዲየም አያስፈልግም፤ የታወቀ መንገድ፣ ቋሚ ሰዓትና ፈቃደኛ አስተባባሪ በቂ ነው። ዋነኛው ተግዳሮት ግን የሴቶች የሥራ ጫና ነው። ውኃ መቅዳትና እንሰት መፋቅ ጊዜያቸውን ስለሚሻማ፣ ሰዓቱ ሴቶችን ሳያማክሩ ከተወሰነ ተጠቃሚዎቹ ወንዶች ብቻ ይሆናሉ። ጎህ ሳይቀድ የሚደረግ ሩጫም ለሴቶች ደኅንነት ጥንቃቄ ይሻል።

በዚህ ረገድ በየደረጃው የሚገኙ የስፖርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ተቀናጅተው ሊሠሩ ይገባል። መንገዱን ከተሽከርካሪ አደጋ መጠበቅ፣ ጀማሪዎች በእርምጃ እንዲጀምሩ ማድረግ፣ እንዲሁም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ማሳተፍ ከፍተኛ በጀት የማይጠይቁ ተግባራት ናቸው።

ሩጫ ሕክምናን የሚተካ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። የልብ ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች አስቀድመው የባለሙያ ምክር ማግኘት ይኖርባቸዋል። ድብርቱ የበረታበትን ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለውን ሰው ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ደግሞ የአስተባባሪዎች ቀዳሚ ኃላፊነት ነው። የቡድኑ አባላት በየዕለቱ የሚገናኙ በመሆናቸውም እንዲህ ያለውን ለውጥ ቀድመው የማየት ዕድል አላቸው።