የብራምሌይ ፖም

ጤፍ ብንዘራ ጤፍ እናጭዳለን። ባቄላ ብንዘራ ባቄላ እንለቅማለን። ፖም ግን እንዲህ አይደለም። ጥሩ ፖም በልታችሁ ዘሩን ብትተክሉ፣ የሚበቅለው ዛፍ ፍሬ የእናቱን አይመስልም። ብዙውን ጊዜ የማይረባ ይሆናል። አልፎ አልፎ ግን ጉድ የሚያሰኝ ይወጣል።

በእንግሊዝ አገር፣ ሳውዝዌል በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነው ይኸው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1809 ሜሪ አን ብሬልስፎርድ የተባለች ልጅ የፖም ዘር ተከለች። ዛፉም አደገ። በ1846 ማቲው ብራምሌይ የሚባል ሥጋ ሻጭ ቤቱን ከነዛፉ ገዛው። በ1856 ሄንሪ ሜሪዌዘር የተባለ ወጣት ከዛፉ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ፈቃድ ጠየቀ። ብራምሌይም ፖሙ በእኔ ስም ከተጠራ ይሁን አለ። የተከለችውማ ሜሪ አን ነበረች! ስሙን የወሰደው ግን ቤት ገዢው ነው።

ለመሆኑ ይህ ፖም ምን ይመስላል? ትልቅና ጠፍጠፍ ያለ ነው። መልኩ አረንጓዴ ነው፤ ጎኑ ላይ ቀይ ጣል ያደርግበታል። ጥሬውን ቢገምጡት እንደ ሎሚ ፊት ያስጨማድዳል። ሙያው ድስት ውስጥ ነው። ሲበስል ፈርሶ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል፤ ኮምጣጣነቱ ግን አይጠፋም። እንግሊዞች ስኳር ጨምረው፣ በሊጥ ሸፍነው ይጋግሩታል። ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል።

አንድ አመል አለበት። የአበባው ብናኝ ለሌላ ፖም አይረባም። ስለዚህ አትክልተኞች አጠገቡ ሁለት ሌላ ዓይነት የፖም ዛፎች ይተክላሉ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ፤ እሱንም ይረዱታል።

ታዲያ በዘር ካልሆነ እንዴት በዛ? በመቀጠል ነው። ከዛፉ ቀጭን ቅርንጫፍ ይቆረጣል። የሌላ ፖም ችግኝም ጫፉ ይቆረጣል። ሁለቱ፣ ቁስል ለቁስል ተገጥመው ይታሰራሉ። ከተያያዙ በኋላ ከላይ የሚያድገው ብራምሌይ ነው። በጨንቻ ደጋ ያሉ ገበሬዎቻችንም የፖም ችግኝ የሚያባዙት እንዲሁ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የብራምሌይ ዛፍ ሁሉ የዚያ የአንዱ ዛፍ ቁራጭ ነው። የሚቀጥል ሰው ከጠፋ፣ ዓይነቱም አብሮ ይጠፋል።

ያ የመጀመሪያው ዛፍ በ1900 በማዕበል ወደቀ። ከወደቀው ግንድ ግን እንደገና አቆጠቆጠ። ዛፉ ሲያረጅ ደግሞ ሥር የሚያበሰብስ ፈንገስ ያዘው፤ ለዚህ በሽታ መድኃኒት የለውም። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዛፉ ሳይሞት ከላዩ ቁራጭ ወስደው አዳዲስ ችግኞች አበቀሉ። ችግኞቹም ጸደቁ።