ሞተሪኖውን ከመውቀስዎ በፊት

ማለዳ ቁልፉን ሲያዞሩ ትንሿ መኪናዎ አልነሣ ብትል፥ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ተበላሸ ብለው ለመፍረድ አይቸኩሉ። አስቀድመው ማርሹን ነፃ ያድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ የፊት መብራቱንም አብርተው ቁልፉን እንደ ገና ያዙሩ።

ያን ጊዜ መብራቱ ቢፈዝ፥ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የባትሪው ወይም የሽቦዎቹ መያዣ ነው። ሁሉን አጥፍተው፥ በመጀመሪያ የኔጋቲቩን፥ ቀጥሎ የፖዘቲቩን መያዣ ይፍቱ፤ እጅዎን ከአሲዱ እየጠበቁ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። ሲመልሱ ኔጋቲቩ የመጨረሻ ይሁን፤ ብሎኑንም ያጥብቁ። ካልተሻለ ባትሪውን ያስሞሉ።

መብራቱ ሳይፈዝ ሞተሪኖው ዝም ካለ፥ ኤሌክትሪኩ አልደረሰውም፤ ወይም ውስጡ ተበላሽቷል። ብቻውን እየዞረ ከጮኸ ደግሞ ጥርሱ ከሞተሩ ጥርስ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። ምልክቱን ለይቶ የሚያስረዳ ባለመኪና ግን ደኅናውን ሞተሪኖ ለመለወጥ ገንዘቡን አያባክንም።