ያውቁ ኖሯል? ላሊበላን በዕድሜ የሚቀድመው የእንግዳ ማረፊያ

የዓለማችን አንጋፋ ሆቴል ያለው በትልቅ ከተማ አይደለም። ጃፓን ውስጥ፣ በያማናሺ ግዛት፣ ከተራሮች ሥር በተሸጎጠችው ሀያካዋ ነው። የነዋሪዎቿ ቁጥር አንድ ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። የማረፊያው ስም ኬይዩንካን ይባላል፤ የተመሠረተውም በ705 ነው (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሲታነጹ ይህ ቤት አራት መቶ ዓመት አልፎት ነበር።

ያውቁ ኖሯል? «ኬይዩን» የዘመን ስም ነው፤ ትርጉሙም «መልካም ደመና»። ጃፓኖች ከ704 እስከ 708 የነበሩትን ዓመታት በዚህ ስም ይጠሯቸዋል። እኛ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እንደምንለው መሆኑ ነው። ልዩነቱ፣ የእኛው በየአራት ዓመቱ ዞሮ ይመጣል፤ የእነሱ ካለፈ አለፈ።

ያውቁ ኖሯል? መሥራቹ ፉጂዋራ ኖ ማሂቶ ይባላል፤ አባቱ የንጉሠ ነገሥት ቴንጂ ባለሟል ነበሩ። ኋላም የጦር አበጋዙ ታኬዳ ሺንገንና ቶኩጋዋ ኢዬያሱ በዚህ ቤት እንዳረፉ ይነገራል። ኢዬያሱ ሲባል ጎንደር ትዝ እንዳይልዎት፤ ይሄኛው በ1603 ጃፓንን በሾጉንነት መግዛት የጀመረው ነው።

ያውቁ ኖሯል? እንግዳውን ተራራ ለተራራ የሚያስኬደው አልጋው ሳይሆን ፍል ውሃው ነው። አዲስ አበባም ብትሆን እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃን ባይወዱ ኖሮ እዚያ ባልተቆረቆረች። በኬይዩንካን በ2005 ከተቆፈረው አዲስ ጉድጓድ በደቂቃ 1,630 ሊትር ውሃ ይወጣል፤ ሙቀቱ 52 ዲግሪ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። ታዲያ ሳሙናዎን ይዘው ዘው እንዳይሉ! በጃፓን ወግ መጀመሪያ ትንሽ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ይታጠባሉ፤ ገንዳው ውስጥ የሚገባው የታጠበ ሰው ብቻ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ኬይዩንካን በጊነስ መዝገብ የሰፈረው በ2011 ነው። ክብሩን የወሰደው ከዚያው ከጃፓን፣ በ718 ከተመሠረተው ከሆሺ ማረፊያ ነው። በ13 ዓመት ብቻ መበለጥ እንዴት አያንገበግብ!

ያውቁ ኖሯል? ኬይዩንካን በአንድ ቤተሰብ እጅ 52 ትውልድ ቆይቷል ሲባል ሁሉም የሥጋ ልጆች ነበሩ ማለት አይደለም። በጃፓን ወንድ ልጅ ያልወለደ ባለቤት አማቹን በማደጎ ልጁ ያደርገዋል፤ አማቹም የቤቱን ስም ይዞ ይወርሳል። ሆሺ ዘንድማ የቤቱ አለቃ የሆነ ሁሉ ዜንጎሮ ይባላል፣ የወላጆቹ ስም የፈለገውን ቢሆን።

በኬይዩንካን ግን በ2017 ማደጎውም አላዋጣም፤ ቤቱን የሚረከብ ዘመድ ታጣ። የተረከበው በ25 ዓመቱ እዚያው ተቀጥሮ፣ ከዓመታት በኋላ ለሥራ አስኪያጅነት የበቃ ሠራተኛ ነው።