ትጩህ ወይስ አልነሳም ትበል?

ባለፈው ሚያዝያ መተማ ዮሐንስ ወርጄ ነበር። እዚያ ያለው ጓደኛዬ ስንት ዓመት በሰሊጥ ሥራ ለፍቶ፣ እህቱም ከአረብ አገር ጨምራለት፣ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ገዝቷል። አንባቢያን፣ ሰው ለመኪና እንዲህ ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም! ሌሊት ሦስቴ እየተነሳ በመስኮት ያያታል። ለነገሩ አይፈረድበትም። አንድ ንጋት ላይ በሯ ተፈልቅቆ፣ የቁልፉ ቀዳዳ በካቻቢቴ ተቦርቡሮ አግኝቷታል። ያተረፋት ማን መሰላችሁ? ያን ዕለት ባትሪዋ ሞቶ ነበር።

«የቀረችኝ 6 ሺህ ብር ናት። አላርም ልግዛ?» አለኝ።

እኔ 12ኛን ከጨረስኩ ወዲህ ከብዕር በቀር ምንም አልፈታሁም። ስለዚህ ገንዳ ውኃ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሻን ይዤው ሄድኩ።

«ልጆቼ፣» አሉ ጋሼ፣ «አላርም ይጮሃል እንጂ መኪና አያስቆምም። የሚያስቆመው ኢሞቢላይዘር ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዲሶቹ መኪኖች ቁልፉ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች። ኮምፒውተሩ ቺፗን ካላወቃት ሞተሩ አይነሳም። አውሮፓ ውስጥ ይህ በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ዲኤክስ ግን ከዚያ በፊት የተወለደች ናት፤ ቺፕም ኮምፒውተርም አታውቅም።

ታዲያ ለድሃ ምን ይሻላል? ወደ ቦቢና የሚሄደውን መስመር 30 አምፔር በሚችል ሪሌ ማቋረጥ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ደግሞ ጋቢና ውስጥ መደበቅ። በቃ! ናፍታ ለሆነች አሮጌ መኪና የሚቋረጠው ወደ ፖምፓው የሚሄደው ማጥፊያ መስመር ነው። ጓደኛዬ «ሞተሪኖውን ብንቆርጠውስ?» ቢላቸው ጋሼ ሳቁበት። በማርሽ የምትሄድን መኪና ሁለት ጎረምሳ ገፍቶ ያስነሳታላ!

አላርሙን ለሚወድ ሰው ደግሞ የቆላው ሙቀት አለ። በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ ሙጫው ይቀልጥና ይላቀቃል። መገጣጠሚያው በቆርቆሮ ይበየድ፣ ሲረኑም ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ንክኪ የሚሰማው ሴንሰር ስሜቱ ይቀነስ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የምትጮህን መኪና ሁለተኛ ሳምንት ላይ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። በዚያ ላይ በድንበር ከተማ በሌሊት ጩኸት ሲሰማ ጎረቤት የሚወጣው ባዶ እጁን አይደለም። ሪሞቱም በተጫነ ቁጥር ኮዱን የሚቀያይር ይሁን፤ ቋሚ ኮድ በቀላሉ ይቀዳል።

እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ መኪናዋ እየሄደች ሞተር ያጠፋል። ከአይከል ቁልቁል ስትወርዱ ሞተር ቢጠፋ ፍሬኑ ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ይህን የሚያደርገው ሽቦ ሳይገናኝ ይቅር በሉ።

በስልክ የሚከታተል ጂፒኤስስ? መልካም ነበር፤ ግን ኔትወርክ ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስንት ጊዜ እንደቆየ ታስታውሳላችሁ። መኪናዋ ድልድዩን ተሻግራ ጋላባት ከገባችም ሲም ካርዱ ላይሠራ ይችላል።

ጓደኛዬ ድብቁን ማብሪያና የመሪ ማሰሪያ ብረት መረጠ። ሲረኑን ተወው። ከ6 ሺዋም ለምሳ ተርፎናል።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደወለልኝ። ኮኪት ላይ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ መኪናዋ አልነሳም ብላው፣ አራት ልጆች ግማሽ ሰዓት ሙሉ ገፍተዋታል። እሱ ደግሞ ማብሪያዋን መክፈት ረስቷል!