በቡና መንገድ የመጡ ቃላት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲወረድ፣ ጅማ ለመድረስ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ሰርቦ ትገኛለች። በሰርቦ ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም ቡናን ቡና ይላል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ከፋ ሲኬድ ቡኖ ይባላል፤ ቀይ ባሕርን ሲሻገሩ ዐረቡ ፍሬውን ቡን ይለዋል። ከዚህ ቤተሰብ ወጣ ያለው የእንግሊዝኛው ኮፊ ነው። ለዚህም ነው «ኮፊ የመጣው ከፋ ከሚለው ስም ነው» የሚለው አባባል በየትምህርት ቤቱና በየመድረኩ እንደ ተረጋገጠ ነገር የሚነገረው።

ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። ኮፊ ከደች ኮፊ፣ የደቹ ከቱርክ ካህቬ፣ የቱርኩ ከዐረብኛ ቀህዋ መምጣቱ በጽሑፍ ተከትለው የሚደርሱበት ሐረግ ነው። ቀህዋ ደግሞ ቡና መጠጣት ከመለመዱ በፊት በዐረብኛ ግጥም የወይን ጠጅ ስም ነበር። የየመን ሱፊዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለሌሊት ጸሎት መንቂያ ቡና ሲጠጡ፣ በእጃቸው የነበረውን የመጠጥ ስም ለአዲሱ መጠጥ ሰጡት። ከፋን የሚጠቅሱ ሊቃውንት አሉ፤ ይህን የቆየ የወይን ትርጉም ግን ማስረዳት ይቸግራቸዋል። እኔን የሚያሳምነኝ የኢትዮጵያ ማስረጃ ሌላው ቃል ነው። ዐረቡ መጠጡን ቀህዋ ሲል ፍሬውን ቡን ማለቱ፣ ፍሬው ከነስሙ ባሕር መሻገሩን ያመለክታል። ኮፊን የእኛ ለማድረግ ከመታገል ይልቅ ቡና በሚለው መኩራት ይሻላል።

የእረኛው የካልዲ ታሪክም እንደዚሁ መመርመር ይገባዋል። ታሪኩን በአውሮፓ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ የማሮናይት ሊቅ ነው፤ በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ። በእሱ መጽሐፍ እረኛው ስም የለውም። ካልዲ የሚለው ስም የተጨመረው በኋላ ነው።

የቃል ምንጭ ጥናት የመጀመሪያ ሕጉ ድምፅ መመሳሰል ዝምድና አለመሆኑ ነው። ለዚህ ከጅማ ዙሪያ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በአጋሮ ዙሪያ ያለው ወረዳ ጎማ ይባላል፤ ስሙን የወረሰው ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ከነበረው ከጎማ ነው። ቡናውን ጭኖ የሚወጣው አይሱዙ የሚሽከረከርበት ጎማ ግን ጣሊያንኛ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መንገዱ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም በዚህ ወጥመድ ይወድቃሉ። እኛም በየንግግራችን የምንጨምረው ኦኬ ከግሪክ፣ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መጣ ተብሎ ብዙ ተጽፎበታል። አለን ዎከር ሪድ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ አሮጌ ጋዜጦችን እየገለጠ በ1839 እ.ኤ.አ. የቦስተን ጋዜጣ ላይ አገኘው። «ሁሉም ትክክል ነው» የሚለውን ሐረግ ሆን ብለው ሆሄያቱን አበላሽተው ይጽፉ የነበሩ የዘመኑ ቀልደኞች የተዉት ምህጻረ ቃል ነው። ክርክሩን የዘጋው ቀን ያለው ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛው ሕግ ቃል ከዕቃው ጋር መጓዙ ነው። የቻይናው ቅጠል በየብስ በፋርስ በኩል ሲመጣ ቻይ ሆነ፤ ዐረብኛው ሻይ አለው፤ እኛም ከዚያ ተቀበልን። የደች መርከበኞች ግን ከደቡብ ቻይና ወደቦች በባሕር ሲጭኑት ቴ የሚለውን የአካባቢውን አጠራር ይዘው ሄዱ፤ የእንግሊዝኛው ቲ የዚያ ልጅ ነው። የየመኑ የሞካ ወደብም ስሙን ለቡና ሰጠ፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ሞካ ሲባል ቸኮሌት የገባበት ቡና ነው። የጅማም ስም እንዲሁ ተጉዟል፤ ለዓለም ገበያ ነጋዴ «ጅማ 5» የከተማ ስም ሳይሆን የቡና ደረጃ ነው።

የቡና ሥነ ሥርዓታችን ራሱ የዐረብኛ አሻራ አለበት። አቦል «አወል» ማለትም የመጀመሪያ ነው። ሦስተኛው በረካ ነው። ከግእዝ ቢመጣ ኖሮ በረከት በሆነ ነበር፤ በረካ መባሉ በሙስሊም ነጋዴዎችና በዱዓ በኩል መግባቱን ያሳያል፤ ሁለቱ ቃላት ግን የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ስኒ «የቻይና» ማለት ነው፤ እንግሊዞችም ሸክላውን ቻይና ይሉታል።

ገበያው ውስጥ ደግሞ ፈረሱላ አለ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኮምፒዩተር ሲያገበያይ እንኳ የቡናን ዋጋ በፈረሱላ ነበር የሚጠራው። ይህ ቃል የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች ነው፤ በዛንዚባር የዝሆን ጥርስና ቅርንፉድ የሚመዘነው በዚሁ በፈረሱላ ነበር። ጆንያም ከሕንድ የተነሣ ቃል ነው። ሰርቦ መጋዘን ውስጥ የተቆለለ ቡና ላይ የሚነገሩ ሁለት ቃላት ብቻ የሙምባይንና የዛንዚባርን ንግድ ያስታውሳሉ። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ተረት ይበልጣል።

የጣሊያንኛው ንብርብር በአብዛኛው የመኪና ነው፦ ካምቢዮ፣ ካቻቪቴ፣ ፌርማታ። ማኪያቶ «ጠብታ ያረፈበት» ማለት ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ቻው ነው። በቬኒስ ሰዎች አነጋገር «ባሪያህ ነኝ» ከሚል የትሕትና ሰላምታ የወጣ ቃል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጅማው የሂርማታ ገበያ ሰው ይሸጥበት ነበር። በዚያው ከተማ ዛሬ ወዳጆች ሲለያዩ ቻው ይባባላሉ።

ስሞችም ታሪክ ይሸከማሉ። አባ ጅፋር የጅፋር አባት ማለት አይደለም፤ ጅፋር የፈረስ ስም ነው፣ «አባ» ደግሞ ባለቤትነትን ይገልጻል። በዚህ ስም ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ንጉሥ የተጸውዖ ስማቸው ቱሉ ነበር። ልማዱ በሰሜንም ሥር ሰዷል፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። በ2010 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊግ ዋንጫ ያነሣው የጅማ አባ ጅፋር ክለብ ማሊያ ላይ የተጻፈው እንግዲህ የአንድ ፈረስ ስም ነው።

ቡና የወለዳቸው አባባሎች ራሳቸውን የቻሉ መስክ ናቸው። ቡና አጣጭ ጎረቤትም የትዳር ጓደኛም ይሆናል። ቡና ቤት ቢራ የሚሸጥበት ሆኗል። ቡናማ ቀለም ሆኗል። ከሁሉ የሚጠልቀው ግን የኦሮሞው ቡና ቀላ ነው። ቀሉ ማረድ ነው፤ የደረቀው የቡና ፍሬ ጫፉ በጥርስ ተነክሶ ወይም ተቆርጦ በቅቤ ይጠበሳል፤ ያ መንከስ እንደ ዕርድ ይቆጠራል፣ ምርቃትም ይከተለዋል። ፍሬውን እንደ ከብት የሚያይ ቋንቋ ከቡና ጋር ለረጅም ዘመን የኖረ ሕዝብ ቋንቋ ነው።

ይህን ሁሉ የሚመዘግቡ መጻሕፍት አሉን። ጀርመናዊው ሊቅ ሉዶልፍ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1698 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በተማረው ነው። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት በ1844 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው ቱትሼክ እጅ ወጣ፤ ቃላቱን የሰጡት ግን ከባርነት ነፃ የወጡ ኦሮሞዎች ነበሩ። ከእነዚያ በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 እ.ኤ.አ. የኦሮምኛ ማንበቢያ አሳተሙ፤ አስቴርም ከባርነት የወጣች ነበረች። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራ በ1948፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ታተሙ። የጎደለን እያንዳንዱ ቃል መቼና የት እንደ ተጻፈ በዓመት እየጠቀሰ የሚያሳይ መዝገብ ነው። የኦክስፎርዱን መዝገበ ቃላት በ1928 እ.ኤ.አ. እስኪጠናቀቅ የገነቡት ከየመጽሐፉ ጥቅስ እየገለበጡ በፖስታ የላኩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኛም የአባ ጅፋር ዘመን ደብዳቤዎች፣ የጅማ ነጋዴዎች የሒሳብ ደብተሮች፣ የጅምላ አከፋፋዮች ደረሰኞች አሉን። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት እነዚህ ወረቀቶች እርጥበት እየበላቸው ነው፤ ፈረሱላና ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) የሚሉት ቃላት በምን ዓመት፣ በማን እጅ ተጻፉ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።