ተጨማሪ መረጃ፦ ሁለተኛ ባትሪ በአሮጌ ላንድክሩዘር

ለመስክ ሥራ የወጣ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ፍሪጅ፣ ሬዲዮና መብራት ሲያሠራ ካደረ፣ ጠዋት ሞተሪኖውን የሚያዞር ኃይል ሊያጣ ይችላል። መፍትሔው አንዱን ባትሪ ለማስነሻ ብቻ መተውና ለቀሪው ዕቃ ሁለተኛ ባትሪ መጨመር ነው።

መቀመጫው፦ ባትሪ 20 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ስለሚችል ስስ ላሜራ አይችለውም። የመቀመጫውን አንድ እግር ከቻሲው፣ ሌላውን ከቦዲው ጋር ማሰርም ስህተት ነው። በሁለቱ መካከል ጎማ ስላለ ኮረኮንች ላይ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ መቀመጫውም ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል።

ማገናኛው፦ ቮልቴጅ የሚለይ ሪሌይ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ወደ 13.3 ቮልት ሲያደርስ ሁለቱን ባትሪዎች ያገናኛል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያያቸዋል።

ፊውዙ፦ የሚያገናኛቸው ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ኃይል ስለሚያገኝ በእያንዳንዱ ባትሪ ፖዘቲቭ አጠገብ አንድ አንድ ፊውዝ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ፦ አንዳንድ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ሁለት ባትሪ አላቸው። በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት የሚሰጡ ከሆነ ከላይ የተገለጸው የ12 ቮልት አሠራር አያገለግልም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቮልት መለኪያ ይረጋገጥ።